በጠፋ ስክሪን ላይ የቀረ የሕይወት ታሪክ

አቃቂ በሰቃ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ አንዲት ጠባብ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ነበረችኝ። የኮንዶሚኒየም ወሬ ገና የሚጣፍጥበት፣ ሞባይል የያዘ ሰው መንገድ ላይ ቆሞ ጮክ ብሎ የሚያወራበት ዘመን ነው። የቀበሌ ማመልከቻ፣ የግምገማ ሪፖርት፣ የሠርግ ጥሪ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ ያልጻፍኩት ነገር የለም። ጣቴ ፈጣን ነው። ትዕግሥቴ ግን አጭር ናት፤ ይህንንም ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። በተለይ ደንበኛ ከኋላዬ ቆሞ ትከሻዬ ላይ እየተደገፈ «እሱን አጥፊው፤ እዚህ ጋ ነጥብ አድርጊ» ሲለኝ ደሜ ይፈላል። ትንፋሹ አንገቴ ላይ፣ ጣቱ ስክሪኔ ላይ ነው።

ለዚህ መላ ያበጀችልኝ ጎረቤቴ ናት። ቃሊቲ አንድ ፋብሪካ ውስጥ በኮምፒውተር ክፍል ትሠራለች። አባቷ ከወሎ መጥተው በጭነት መኪና ሲነግዱ እኛ ሰፈር የቀሩ ሰው ናቸው፤ ቤታችንን የሚለየው አንድ አጥር ብቻ ነው። የሆነ ቀን ከአገልግሎት የወጣ አሮጌ ስክሪን ከየትም ፈልጋ አመጣችና ከኮምፒውተሬ ጋር አገናኝታ ፊቱን ወደ ደንበኞች አግዳሚ ወንበር አዞረችው። አንድ ኮምፒውተር ሁለት ስክሪን ኖረው ማለት ነው። እኔ በራሴ ስክሪን ላይ እጽፋለሁ፤ ስጨርስ ጽሑፉ ያለበትን መስኮት በማውስ ይዤ ወደ ቀኝ እገፋዋለሁ፤ መስኮቱ ከእኔ ስክሪን ወጥቶ ደንበኛው ፊት ብቅ ይላል። ደንበኛው ተቀምጦ ያነባል፣ እኔም እፎይ እላለሁ። ከአቃቂ እስከ ገላን እንዲህ ያለ ነገር ያለው ጽሕፈት ቤት የኔ ብቻ ነበር፤ ሳልኮራበት ቀርቼ አላውቅም።

አንድ ጠዋት፣ ከመንገዱ ማዶ ያሉት የጨርቃ ጨርቅ ጡረተኛ ማረፋቸውን ሰማን። ድንኳን ሲተከል፣ ወንበር ሲወርድ፣ አብራኝ ያደገችው ሴት ልጃቸው ነጠላዋን አዘቅዝቃ ጽሕፈት ቤቴ መጣች። አንድ በጣም ያረጁ ሰው በእጇ ይዛ ነበር። የአባቷ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ማታ ተደውሎላቸው ሌሊቱን ከድሬዳዋ ሲመጡ አድረዋል።

«የሕይወት ታሪኩን ላስጽፍ ነው የመጣሁት» አለችኝ። «ቀብሩ ስምንት ሰዓት ላይ ነው።»

የሥራውን፣ የትዳሩንና የልጆቹን ነገር እሷ ራሷ ነገረችኝና በአንድ ትንፋሽ ጻፍኩት። የአባቷ ልጅነት ጋ ስንደርስ ወደ አጎቷ አየች።

«አባዬ ስለ ልጅነቱ ሲጠየቅ ይስቅና ወሬ ይቀይራል። እናቱ ማን እንደሆነች፣ አቃቂ እንዴት እንደመጣ፣ አንዳችን አናውቅም። የሚያውቁት እኚህ ብቻ ናቸው።» ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ልባቸው ይሄዳል፣ ይመጣል። ዛሬ ጠዋት መጥቷል። እባክሽ ሳይሄድ ድረሽበት» አለችኝ።

ሽማግሌው ከዘራቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው ጀመሩ። እንዲያ ዓይነት አነጋገር ሰምቼ አላውቅም። አይቸኩሉም፣ ወደ ኋላ አይመለሱም፣ አንዱን ዐረፍተ ነገር ሳይጨርሱ ሌላውን አያነሡም። ትንሽ ቆይቼ ያስተዋልኩት ነገር፣ የሚከተሉት የጣቴን ድምፅ መሆኑን ነው። እኔ ስመታ ይናገራሉ፤ እኔ ሳቆም ያቆማሉ፤ አቁሜ ብቆይ ዐይናቸው ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ስለዚህ አላቆምኩም። ንፍጤን ለመጥረግ እንኳ አላቆምኩም፤ ሴቭ ለማድረግማ ጭራሽ። ልጅቷ አፏን በነጠላዋ ይዛ ታለቅሳለች፣ እኔም ፊደሉ በእንባ ተደባልቆብኝ በግምት እጽፋለሁ።

«በቃ» አሉ በመጨረሻ። ውሃ ጠየቁ፤ ሰጠናቸው። ጠጡና ዞር ዞር ብለው ካዩ በኋላ «ወንድሜስ? ገና ነው እንዴ?» አሉ።

ልጅቷ ብርጭቆውን ተቀበለቻቸው። እኔ መስኮቱን ይዤ ወደ ደንበኞች ስክሪን ገፋሁላትና ማንበብ ጀመረች። ሁለት መስመር ሳታነብ እናቴ ገባች።

እናቴ የእድሩ የሴቶች አለቃ ናት ብል ማጋነን አይሆንም። ልቅሶ ቤት ማን ሳቀ፣ ማን ሊፕስቲክ ተቀባ፣ ማን በሦስተኛው ቀን ቀረ፣ ሁሉም እሷ ዘንድ ይታወቃል። እኔ ጋ ስትገባ የታያት ነገር ይህ ነው፤ ነጠላዋን ያዘቀዘቀች ሐዘንተኛ፣ ከጎኗ የሟች ወንድም፣ ፊታቸው ላይ ደግሞ ቦግ ብሎ የበራ ቴሌቪዥን።

«በስመ አብ! አስከሬን ሳይወጣ ቴሌቪዥን! ምን ጉድ ነው የወለድኩት!» አለችና ጎንበስ ብላ የስክሪኑን ሶኬት መንጭቃ ነቀለችው።

ተመስገን፣ የነቀለችው የኮምፒውተሩን አይደለም። ተሯሩጬ መልሼ ስሰካው ግን ያ አሮጌ ስክሪን ውስጡ አንዴ ጠሽ አለና ጭስ ጭስ ሸተተ። ከዚያ በኋላ አልተነሣም። በራሴ ስክሪን ላይ የቀረኝ ያ ሁሉም ሰው የሚያውቀው አረንጓዴ ሜዳና ሰማያዊ ሰማይ ብቻ ነው። ከታች ባለው መስመር ላይ ግን የጽሑፉ ስም ቁጭ ብሏል። ስሙን ስጫነው ምንም የለም፤ ደግሜ ስጫነው ምንም የለም። ነገሩ ሲገባኝ ክው አልኩ። ኮምፒውተሩ ስክሪኑ መሞቱን አያውቅም፤ ጽሑፉን እዚያው ጨለማው ላይ ዘርግቶ አስቀምጦታል።

እዚህ ላይ የሚታገሥ ሰው ይታገሣል። እኔ «ዘግቼ እከፍተዋለሁ!» ብዬ ታች ስሙ ላይ ሄድኩና ዝጋ አልኩት። ኮምፒውተሩ «ዲንግ» አለ። ከዚያ ወዲያ ማውሱን ባንቀሳቅሰው፣ ብጫነው፣ መልሱ «ዲንግ» ብቻ ሆነ። እናቴ ከፎቶ ኮፒው ማሽን ጀርባ ሆና «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አለች፤ አሁን ማን ይሙት፣ እሷ ናት ይህን የምትለኝ?

በዚህ መሐል የእድሩ አንባቢ ወረቀቱን ሊወስዱ መጡ። የሰፈሩን የሕይወት ታሪክ ሁሉ የሚያነቡት እሳቸው ናቸው፤ ድምፃቸው ያለ ማይክ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ተሻግሮ ይሰማል። የሆነውን ሲሰሙ ሳቁብን።

«ይኼ ምን ያስጨንቃል? አጥፍቶ ማብራት ነው!» አሉና እጃቸውን ወደ ማጥፊያው ሰደዱ።

ልጅቷ እጃቸውን ያዘች። «ሴቭ ተደርጓል?» ብላ ጠየቀችኝ። ራሴን ግራና ቀኝ ነቀነቅኩ። አጥፍቶ ማብራት ማለት መጣል ማለት ነበር።

እሷም ወደ አጎቷ ዞረች። እግራቸው ሥር ተንበርክካ «አባባ፣ እስቲ ያን ቅድም የነገሩንን፣ የልጅነታችሁን ነገር ይድገሙልኝ» አለቻቸው።

ሽማግሌው በደግ ፊት አዩዋት። «ምኑን ልጄ? አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» አሏት።

ልጅቷ ከተንበረከከችበት አልተነሣችም። እኔ ወደ በሩ ወጥቼ ወደ ድንኳኑ አቅጣጫ የጎረቤቴን ስም ጮኼ ተጣራሁ። ዕረፍት ወስዳ ድንኳኑ ጓሮ ብርጭቆ ስታጥብ ነበርና እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ነገር አሁንም ሳስበው ደስ ይለኛል። እኔ የጠበቅኳት ወንበሬ ላይ ዘላ ተቀምጣ ቁልፎቹን እንድትደበድብ ነው፤ ኮምፒውተር የሚያውቁ ሰዎች እንደዚያ ሲያደርጉ ነበር የማየው። እሷ አልተቀመጠችም። «ሁላችሁም እጃችሁን ከጠረጴዛው ላይ አንሡ» አለች፤ አንሥተን ቆምን፣ አንባቢውም ጭምር። ስክሪኑን አላየችውም፤ ያየችው እኛን ነው።

«አብሽሪ» አለቻት ልጅቷን። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ከመጨረሻው ጀምረሽ ወደ ኋላ ንገሪኝ። መጨረሻ ላይ ምን አልሽው?»

«ዝጋ አልኩት።»

«ከዚያ በፊትስ?»

ነገርኳት። እየጮህኩ ነበር መሰለኝ፣ «ቀስ» አለችኝ። ስለ ሶኬቱ ስናገር ግን ማን እንደነቀለው አልጠየቀችም። የኔን ስክሪን ነቅለን በሞተው ቦታ እንሰካው ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ። ከግድግዳውና ከጠረጴዛው መካከል የተወተፈውን የኮምፒውተሩን ሳጥን አየችና «ሲነካ አይደል የሚጠፋብሽ? አይነካም» አለች። ልክ ናት፤ አቧራ ስጠርግ እንኳ ድርግም የሚል ሳጥን ነው።

«ስሙ ታች አለ። ስለዚህ ጽሑፉም አለ» አለች ለልጅቷ። «ዲንግ የሚለው ደግሞ ተቆጥቶ አይደለም፤ ጥያቄ ጠይቆን ነው። ዝጋ ስትለው 'ላስቀምጠው ወይስ ልጣለው?' ብሏል። ጥያቄውን ያወጣው ግን እዚያው የማይታየን ቦታ ላይ ነው። መልስ እስኪያገኝ ሌላ ነገር አይሰማንም።»

«ታዲያ አስቀምጠው በይዋ!» አሉ አንባቢው።

«አስቀምጠው ካልኩት 'በምን ስም? የት?' ብሎ ሌላ ጥያቄ ያመጣል፣ እሱም በጨለማ። ጣቴ ተሳስቶ «ኤን» የምትለዋን ፊደል ከነካ ደግሞ 'ጣለው' ማለቴ ነው። መጀመሪያ ጥያቄውን እንዲተወው ነው የምነግረው።»

ጎንበስ አለችና ከቁልፎቹ ሁሉ ዳር ያለችውን፣ «ተወው» የምትለዋን ቁልፍ አንዴ ብቻ ነካች። ጠበቀች። ታች ያለውን ስም ተጫነች። ዲንግ የለም። እኔ ልጮህ ስል እጇን አንሥታ አስቆመችኝ።

«አሁን አንድ ነገር ማወቅ አለብኝ። መስኮቱ ስክሪኑን ዳር እስከ ዳር ሞልቶት ነበር ወይስ አልሞላውም? ሞልቶት ከነበረ መጀመሪያ ሳናሳንሰው አይንቀሳቀስም። በጨለማ አንድም ነገር በግምት አልነካም።»

እኔ አላስታውስም። ልጅቷ እንባዋ ጋርዷት ከጽሑፉ በቀር ያየችው የለም። ጎረቤቴ ቀስ ብላ ወደ ፎቶ ኮፒው ማሽን ሄደች። እናቴ እዚያ ጥግ ላይ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትንሽ ሆና ቆማ ነበር። እናቴን እንደዚያ ሆና አይቻት አላውቅም።

«እማማ፣ ደግ ነው ያደረጉት፤ ልቅሶ ላይ ቴሌቪዥን አይበራም። እኛም ቤት ነቅለነው ነው የመጣነው» አለቻት። «ሲነቅሉት ምን ይታይ ነበር?»

እናቴ ቀና አለች። «ጽሑፍ ነበረበት መሰለኝ፣ ከላዩ ሰማያዊ ቀበቶ ያለው። በዚህና በዚያ ጎኑ ደግሞ አረንጓዴ መስክ። እኔማ የግብርና ፕሮግራም መስሎኝ!»

ጎረቤቴ ሳቀች፤ ያን ቀን እዚያ ቤት ውስጥ የተሰማ የመጀመሪያ ሳቅ ነው። «በጎንና በጎኑ መስክ ከታየ አልሞላውም ማለት ነው። እማማ፣ እድሜ ይስጥልኝ፤ ሥራውን ጨረሱልኝ።»

እናቴ ከጥጓ ወጥታ መሐላችን ቆመች። ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ይባላል፤ ሥሩን ግን ሰው ሳያሳፍሩ መጠየቅ የተሰጠው ጥቂት ሰው ነው። እኔ ብሆን እናቴን በሰው ፊት አዋርጃት ነበር፤ እናቴም ተቀይማ አንዲት ቃል አትተነፍስም ነበር፤ ያ አረንጓዴ መስክም ከእሷ ጋር ይቀር ነበር።

«መስኮቱን የምትገፊው ወደ የት ነው?»

«ወደ ቀኝ።»

«እንግዲያው ወደ ግራ ይመለሳል። አማርኛውን አጥፊልኝ።»

የአማርኛ መጻፊያውን አጠፋሁላት፤ ትእዛዙ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። ያኔ ነው የተቀመጠችው። ሁለት ቁልፎች አብራ ተጫነች፤ መስኮቱ ራሱ ስለ ራሱ የሚታዘዝበትን ዝርዝር የሚከፍቱ ናቸው አለችኝ፤ እኛ አይታየንም እንጂ ተከፍቷል። ከዚያ «ተንቀሳቀስ» የምትለዋን አንዲት ፊደል። ከዚያ የግራ ቀስቷን ተጭና ያዘች። በስክሪኑ ላይ አንዳች ነገር የለም። ሜዳው ሜዳ፣ ሰማዩ ሰማይ። ጣቷ አልተነሣም። አንባቢው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እኔ በልቤ «ተሳስታለች» ማለት ጀምሬያለሁ፤ ፊቷን ሳይ ግን የጠራውን ሰው በር ላይ እንደሚጠብቅ ሰው ረጋ ብላለች።

በቀኝ በኩል፣ ጠርዙ ላይ፣ ቀጭን ሰማያዊ ነገር ብቅ አለ።

«ቀበቶው!» አለች እናቴ።

መስኮቱ እየተሳበ ሜዳው ላይ ገባ። መጀመሪያ ነጭ ጠርዙ፣ ከዚያ የመስመሮቹ መነሻ፣ ከዚያ ፊደሎቹ፣ ቀስ እያሉ፣ ሁሉም። ልጅቷ አለቀሰች። ጎረቤቴ ግን አላነበበችውም፣ እልልም አላለችም። መጀመሪያ ያደረገችው ጽሑፉን ማስቀመጥ ነው፤ ቀጥሎ ደግሞ በሌላ ቦታ ሌላ ቅጂ አስቀመጠች። ከዚያ ወንበሬን ለቀቀችልኝና «ብርጭቆው አላለቀም» ብላ ወደ ድንኳኑ ተመለሰች። እንደ እሷ መሆን ተመኘሁ። ኮምፒውተር ማወቁን ማለቴ አይደለም፤ እሱን ሰው ይማረዋል። የዚያን ያህል ሰው ዙሪያዋን እየተንጫጫ ያለመቸኮሏን ነው።

ሁልጊዜ የሕይወት ታሪክ ስጽፍ የነገሩኝን አቀናለሁ። «መጣ» ያሉኝን «መጡ» አደርጋለሁ፣ «እኔ» ያለውን አወጣለሁ፣ ለቤተ ክርስቲያን እንዲመች አድርጌ አሳምራለሁ። ያን ቀን ግን ሰዓቱ ሄዶብናል። የሽማግሌው ቃል እንደ ወረደ፣ «እኔ» እንዳለበት ታተመ። አንባቢው አየት አድርገው «ይኼ ደንቡ አይደለም» አሉ፤ ልጅቷ «እንዳለ ይነበብ» አለች።

ቀብሩ ላይ ጎረቤቴ እንደ ሌሎቹ ሙስሊም የእድራችን ሰዎች ከቅጥሩ በር አጠገብ ቆመች፤ እኔም ከጎኗ ቆምኩ። ፍትሐቱ አለቀ። ሳጥኑ መሐል ላይ ነው። ሽማግሌው ከፊት ወንበር ተሰጥቷቸው ሕዝቡን እንደ ሠርግ እንግዳ እያዩ ፈገግ ይላሉ፤ ሁለቴ «ወንድሜ መጣ?» ሲሉ ሰምቻለሁ። አንባቢው በዚያ ድምፃቸው የሥራውን፣ የትዳሩን፣ የልጆቹን አነበቡ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ፤ የሌላ ሰው ቃል አፋቸው ውስጥ መግባቱ ተሰምቷቸው ይመስለኛል።

«እናታችን ሞጆ ሞተች። እሱ ገና ጡት መጣሉ ነበር። የሚወስደን ዘመድ አልነበረም። እኔ አዘልኩትና የባቡሩን ሐዲድ ይዤ ሄድኩ፤ ሐዲድ ሰው ዘንድ ያደርሳል ሲሉ ሰምቼ ነበር። ድልድዩ ላይ ስንደርስ ከታች ውሃው ይታያል። እንዳይፈራ ፊቱን ጀርባዬ ላይ እንዲደብቅ ነገርኩት። ደብቆ ዘፈነልኝ። አቃቂ ስንደርስ ተኝቶ ነበር።»

ጎረቤቴ የሻሿን ጫፍ ዐይኗ ላይ አደረገች።

«ከባድ ነበር» አለ አንድ ድምፅ።

ሽማግሌው ናቸው። ተነሥተው ቆመዋል። «ከባድ ልጅ ነበር» አሉ ጮክ ብለው፣ ለማንም ሳይሆን። «ግን አላወረድኩትም።»

ከዚያ ሳጥኑን አዩት። ረጅም ጊዜ አዩት። የወንድማቸውን ልጅ ክንድ ያዙና «እሱ ነው?» አሏት።

«አዎ አባባ። እሱ ነው።»

ከዘራቸውን ለእሷ ሰጧት። ወጣቶቹ ሳጥኑን ሊያነሡ ጎንበስ ሲሉ ወደ መሐላቸው ገቡና አንዱን በክርናቸው ገፋ አድርገው በእሱ ቦታ ቆሙ። አንባቢው ሊከለክሏቸው አንድ እርምጃ ሄደው ተመለሱ። ወጣቶቹ ሳጥኑን ትከሻቸው ላይ አላወጡትም፤ በሽማግሌው ቁመት ልክ ዝቅ አድርገው ያዙትና በእሳቸው እርምጃ ሄዱ።